ቅርፊቱ ውስጥ ያለው ሀብት፦ ስለ ዳጉሳና ዘመዶቹ ለአንባቢያን ጥያቄዎች የተሰጠ መልስ

የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት 2023ን የሚሌት ዓመት ብሎ ከሰየመ ወዲህ ዳጉሳ፣ ቡልቱግና ሌሎቹ ጥቃቅን ፍሬ ያላቸው የብርዕ ሰብሎች ብዙ እየተወራላቸው ነው። ከሚወራው ውስጥ እውነቱም ማጋነኑም አለ። ለዚህ እትም ከደረሱን ጥያቄዎች አብዛኞቹ በአንድ ነገር ዙሪያ ስለሆኑ ሰብስበን መልሰናቸዋል፦ በቅርፊቱ ውስጥ ያሉት ፌኖሊክ ውህዶች ምንድን ናቸው? ከወፍጮና ከድስት በኋላስ ምን ያህሉ ይተርፋሉ?

ጥያቄ፦ ነባሮቹ ቡናማና ቀይ የዳጉሳ ዝርያዎች ከነጩ ይልቅ በአንቲኦክሲዳንት የበለጸጉ ናቸው ይባላል። ለዘርም ለምግብም ስመርጥ ቀለሙን አይቼ ልወስን?

መልስ፦ በአብዛኛው አዎ፤ ነገር ግን ቀለም ብቻውን ዳኛ አይሆንም።

አንዷን የዳጉሳ ፍሬ በማጉያ መነጽር ይመልከቷት። ስፋቷ ከ1 እስከ 2 ሚሊሜትር ነው። ከላይ በውቂያ ጊዜ ወይም በመዳፍ መካከል ሲያሿት የሚለቅ ስስ ሽፋን አላት። እሱ ሲነሳ የምናየው ቡናማ ነገር ከውስጡ ነጭ ክፍል ጋር አጥብቆ የተጣበቀው ቅርፊት ነው፤ በአምስት ንብርብር የተሠራ ነው። ከፍሬዋ ክብደት ሲታይ ጥቂት ነው፤ አንቲኦክሲዳንት የሚባሉት (ነጻ ራዲካል የተባሉ ጎጂ ሞለኪውሎችን የሚይዙት) ፌኖሊክ ውህዶች ግን በአብዛኛው የተከማቹት እዚሁ ላይ ነው። ፕሮቶካቴቹይክ አሲድ፣ ፌሩሊክ አሲድ፣ ፒ-ኩማሪክ አሲድ፣ ካቴቺን፣ ኤፒካቴቺንና ከእነዚህ የመጨረሻ ሁለቱ ተያይዘው የሚሠሩት ታኒኖች ይገኙበታል። ተክሉ እነዚህን የሚያዘጋጀው ለራሱ መከላከያ ነው። ሻጋታና ተባይ ፍሬውን በቀላሉ እንዳይደፍሩት ያደርጉታል። ጠቆር ያለው ዳጉሳ እርጥበት ባለበት ማሳ ሻጋታን ከነጩ በተሻለ የሚቋቋምበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ነጩ ዳጉሳ በፌኖሊክ ውህዶች ከቡናማው በብዙ እጥፍ ያንሳል፤ ይህ ደጋግሞ የታየ ነው። ሆኖም ቡናማ ሆነው ታኒን የሌላቸው ዝርያዎችም አሉ። ዳጉሳ ከምሥራቅ አፍሪካ ደጋማ አገሮች ተነሥቶ ወደ ሕንድ የተሻገረ ጥንታዊ ሰብል ነው፤ ገበሬዎች በየአካባቢው ለሺህ ዓመታት ሲመርጡት ስለኖሩ ልዩነቱ ሰፊ ነው። ስለዚህ ታኒን እንዳለው ማወቅ ከፈለጉ ለማሽላ የተዘጋጀው የበረኪና ምርመራ ለዳጉሳም ይሠራል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ያልተሰበሩ 100 ፍሬዎችን ቆጥረው በብርጭቆ ዕቃ ውስጥ ያድርጉ። 3.5 በመቶ ሶዲየም ሃይፖክሎራይት ባለው 100 ሚሊሊትር በረኪና ውስጥ 5 ግራም ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ያሟሙና ፍሬዎቹ እስኪሸፈኑ ድረስ ያፍስሱባቸው። አልፎ አልፎ እያወዛወዙ በክፍል ሙቀት 20 ደቂቃ ያቆዩ። ከዚያ በወንፊት አጥልለው በውኃ ያለቅልቁ፣ በወረቀት ላይ ዘርግተው ይቁጠሩ። ታኒን ያለው ፍሬ ዙሪያውን ይጠቁራል፤ የሌለው ይነጣል ወይም ገርጥቶ ይቀራል። የሚሳሳቱ ሰዎች የሚሳሳቱት ሁለት ቦታ ላይ ነው። አንደኛ፣ የተሰበረ ፍሬ በስብራቱ ላይ ጠቁሮ ያታልላል። ሁለተኛ፣ ከግማሽ ሰዓት በላይ ከቆየ ጥቁሩም እየነጣ ይሄዳል። ከተቻለ ታኒን እንዳለውና እንደሌለው አስቀድመው የሚያውቋቸውን ሁለት ናሙናዎች ጎን ለጎን ይፈትሹ። ጓንትና መነጽር ያድርጉ፣ መስኮት ይክፈቱ፤ በረኪናን ከኮምጣጤም ሆነ ከሌላ አሲድ ጋር ፈጽሞ አያገናኙ፤ መርዛማ ጋዝ ይወጣዋል። የተፈተሸው ፍሬ ለሰውም ለእንስሳም አይሰጥም።

ጥያቄ፦ የወፍጮ ቤት አለኝ። ደንበኞች ነጣ ያለ ዱቄት ስለሚወዱ በጥሩ ወንፊት እነፋዋለሁ፤ በወንፊቱ ላይ የሚቀረውን ለመኖ እሸጣለሁ። ጉዳት አለው?

መልስ፦ ለመኖ የሚሸጡት እኮ ቅርፊቱን ነው። ውህዶቹም፣ አብዛኛው አሰርም፣ ከካልሲየሙም ብዙው አብሮት ይሄዳል። ዳጉሳ በ100 ግራም 340 ሚሊግራም አካባቢ ካልሲየም አለው፤ ከብርዕ ሰብሎች ሁሉ ከፍተኛው ነው። ይህ ቁጥር ግን ለሙሉው ፍሬ እንጂ ለተነፋው ነጭ ዱቄት አይደለም። ነጭ ዱቄት ሸጠው በከረጢቱ ላይ የሙሉውን ፍሬ ቁጥር መጻፍ ገዢን ማሳሳት ነው።

ዱቄቱ ሻካራ ሆኖ የሚያስቸግርዎ ከሆነ መፍትሔው መንፋት ሳይሆን ደግሞ መፍጨት ነው። በወንፊቱ ላይ የቀረውን ለብቻው ድጋሚ አስፈጭተው ወደ ዱቄቱ ይመልሱት። ሲፈጩ ድንጋዮቹን ከመጠን በላይ አያቀራርቡ። እጅ የማያስቀምጥ ትኩስ ዱቄት ከወጣ ስቡ ቶሎ ይበላሻል፤ ዱቄቱም ሳይቀዘቅዝ ከታሸገ በከረጢቱ ውስጥ ያልበዋል። ቅርፊቱን ለብቻ መሸጥ ከፈለጉ ደግሞ ለብስኩትና ለዳቦ ጋጋሪዎች ያቅርቡት። ከስንዴ ዱቄቱ 5 በመቶ በመተካት ጀምረው ጣዕሙን እያዩ ወደ 10 በመቶ ያድርሱት። ከዚያ በላይ ሲሆን ቀለሙ ይጠቁራል፣ አፍም ያደርቃል።

ዳጉሳን እንደ ስንዴ ፈትጎ ቅርፊቱን ማንሳት አይቻልም ወይ ብለው ለጠየቁን ሌላ አንባቢም እግረ መንገዳችንን እንመልስ። እንዲሁ ከተፈተገ ውስጡ ልፍስፍስ ስለሆነ ከቅርፊቱ ጋር አብሮ ይደቅቃል። መጀመሪያ ዘፍዝፎ በእንፋሎት ማብሰልና ማድረቅ ውስጡን ያጠነክረዋል፤ ከዚያ በኋላ ቅርፊቱ ይነሳል። ይቻላል፤ ግን የሚነሳው የምንመካበት ነገር መሆኑ አይረሳ።

ጥያቄ፦ ለ8 ወር ልጄ የዳጉሳ ገንፎ እሠራለሁ። በቅርቡ ታኒን ብረት ያስራል፣ ደም ማነስ ያመጣል የሚል ነገር ሰማሁ። ልተው?

መልስ፦ አይተዉ፤ አዘገጃጀቱን ግን ያስተካክሉ። የሰሙት መሠረት አለው። ነጻ ራዲካልን የሚይዙት እነዚያው የሞለኪውል ክፍሎች ብረትንም ይይዛሉ፤ ፋይቴት የሚባለው ሌላው የእህል ውህድም እንዲሁ ብረትና ዚንክን ያስራል። ለጤነኛ አዋቂ ብዙም የማያሳስበው ነገር፣ በቀን ጥቂት ማንኪያ ለሚበላና ብዙ ብረት ለሚፈልግ ሕፃን ያሳስባል። ለልጅ ከሆነ የተወሰነውን አንቲኦክሲዳንት ከፍሎ ብረትን ማስለቀቅ ይሻላል። ይህንንም የሚሠራው ማብቀል ነው።

1 ኪሎ ዳጉሳ በደንብ ያበጥሩ፤ ፍሬው ትንሽ ስለሆነ አሸዋ ይደበቅበታል። በውኃ ሲያጥቡት ከላይ የሚንሳፈፈውን ይድፉ፣ ከታች የሚዘቅጠውን አሸዋ ለይተው ያስቀሩ። በ3 ሊትር ንጹሕ ውኃ 12 ሰዓት ይዘፍዝፉት፤ በ6 ሰዓቱ ውኃውን ይለውጡ። የሚወጣው ውኃ ሻይ መስሎ ያገኙታል። ያ ቀለም ከቅርፊቱ የሟሙት ፌኖሊኮች ናቸው፤ ይደፋ። አጥልለው በንጹሕ እርጥብ ጨርቅ ላይ 2 ሳንቲሜትር ያህል ውፍረት አድርገው ያስጡ፣ በሌላ እርጥብ ጨርቅ ይሸፍኑ። በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ ውኃ እየረጩ ያገላብጡት። ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ክፍል በ48 ሰዓት ውስጥ ነጭ ጉንቁል ያወጣል። ወዲያው በስሱ አስጥተው ያድርቁት። ሥሮቹ በእጅ ሲታሹ ተሰብረው ከረገፉ ደርቋል። አሽተው ያበጥሩ፣ ከዚያ ያስፈጩ።

የሚበላሸው የት ላይ ነው? ክምሩ ወፍራም ሲሆን መሐሉ ይሞቃል፣ ይታፈናል፣ ይሸታል። አረንጓዴ፣ ጥቁር ወይም ሮዝ ሻጋታ ካዩ ሁሉንም ይጣሉ፤ የሻገተውን ለቅሞ የቀረውን መጠቀም አይሆንም፤ የሻጋታ መርዝ በማጠብም በመቀቀልም አይጠፋም። ደመናማ ሳምንት ላይ አይጀምሩ። የብቅል ዱቄት ባክቴሪያ ሊኖረው ስለሚችል ገንፎው እስኪፈላ ከፈላም በኋላ ለተወሰኑ ደቂቃዎች መብሰል አለበት። ብቅል ስታርችን የሚፈታ ኢንዛይም ስላለው ገንፎው ይቀጥናል። ይህ ጥቅም ነው፤ ብዙ ዱቄት ገብቶበትም ልጁ በቀላሉ ይውጠዋል።

ከእሳት ካወረዱት በኋላ፣ ለብ ሲል፣ የብርቱካን ጭማቂ ጠብ ያድርጉበት ወይም ፍራፍሬውን አጠገቡ ይስጡት። ቫይታሚን ሲ ብረቱ እንዲመጠጥ ይረዳል፤ በእሳት ላይ ከገባ ግን ይጠፋል። ሻይ ለሕፃን አይስጡ። ዳጉሳ ብቻውን የ8 ወር ሕፃንን የብረት ፍላጎት አይሞላም፤ ሥጋ፣ ጉበት ወይም እንቁላል ያስፈልገዋል። ልጁ ከገረጣ ወይም ከደከመ ወደ ጤና ባለሙያ ይውሰዱት።

ጥያቄ፦ የምግብ ሳይንስ ተመራቂ ተማሪ ነኝ። የአንድ ዝርያን ጠቅላላ ፌኖል በፎሊን ዘዴ (በቀለም ለውጥ በሚለካው ምርመራ) ለካሁ፤ የእኔ ቁጥር ከሌሎች ጋር በጭራሽ አይገጥምም። ጓደኛዬ ያንኑ ናሙና ለክቶ ሌላ ቁጥር አገኘ። ስህተቱ የት ነው?

መልስ፦ ምናልባት ስህተት ላይኖር ይችላል፤ ሁለታችሁ የለካችሁት የተለያየ ነገር ሊሆን ይችላል። ፌኖሊኮቹን ከዱቄቱ ከሚያወጣው ፈሳሽ እንጀምር። 80 በመቶ ሜታኖል የተጠቀመ ሰው ትንንሾቹን ፌኖሊኮች በደንብ ያወጣል። ታኒንን ግን 70 በመቶ አሴቶን የበለጠ ያወጣዋል፤ 1 በመቶ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ያለው ሜታኖልም እንዲሁ ሌላ ውጤት ይሰጣል። ቡናማ ዳጉሳ ላይ ይህ ልዩነት ጎልቶ ይታያል።

ቀጥሎ የታሰሩት አሉ። ፌሩሊክ አሲድ በብዛት ከሕዋስ ግድግዳ ጋር በኤስተር ትስስር የታሰረ ነው፤ ሜታኖል አይነካውም። እሱን ለመለካት ካወጡ በኋላ የቀረውን ዝቃጭ በ2 ሞላር ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ለ4 ሰዓት፣ በናይትሮጅን ሥር ያቆዩት። ከዚያ ፒኤቹን (የአሲድነት መለኪያውን) በአሲድ ወደ 2 አውርደው በኢቲል አሲቴት ሦስት ጊዜ ያውጡት። ናይትሮጅኑን «ያው ነው» ብሎ መዝለል የተለመደ ጥፋት ነው፤ አልካሊ (የአሲድ ተቃራኒ) ውስጥ ኦክስጅን ካለ እንደ ካፌይክ ያሉት አሲዶች ከመለካታቸው በፊት ከኦክስጅኑ ጋር ተዋህደው ይለወጣሉ። የታሰረውን ያልለካ ሰው የእህሉን ግማሽ ታሪክ ነው የሚጽፈው፤ የታሰረው ክፍል በአንጀት መጨረሻ ላይ በባክቴሪያዎች ስለሚፈታ ለሰውነትም ትርጉም አለው።

የፎሊን ምርመራውን በተመለከተ ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው። 0.1 ሚሊሊትር ናሙና፣ 0.5 ሚሊሊትር 10 ጊዜ የቀጠነ የፎሊን ሪኤጀንት፣ ከ5 ደቂቃ በኋላ 0.4 ሚሊሊትር 7.5 በመቶ ሶዲየም ካርቦኔት። ካርቦኔቱ ቀድሞ ከገባ ሪኤጀንቱ በአልካሊ ውስጥ ከናሙናው ጋር ሳይገናኝ ይፈርሳል፤ ቁጥሩ ይወርዳል። ጨለማ ቦታ አቆይተው በ765 ናኖሜትር ያንብቡ፤ የሁሉም ናሙና ቆይታ እኩል ይሁን። ንባቡ ከ0.2 በታች ወይም ከ0.8 በላይ ከሆነ ናሙናውን አስተካክለው ይድገሙት እንጂ የመለኪያ መስመሩን አይለጥጡ።

ይህ ምርመራ ፌኖልን ብቻ አይለይም። ቫይታሚን ሲ፣ ስኳር፣ ታይሮሲንን የመሰሉ አሚኖ አሲዶችም ቀለም ይሰጣሉ። በተለይ የተቆላ እህል ላይ ይጠንቀቁ፦ ሲቆላ የሚፈጠሩት ቡናማ ውህዶች ንባቡን ከፍ ያደርጉታል፤ ከዚያ «መቁላት ፌኖልን ጨመረ» የሚል ድምዳሜ ይጻፋል። ፌኖሊኮቹን አንድ በአንድ በኤችፒኤልሲ (ውህዶችን ለያይቶ በሚለካው መሣሪያ) ሳያዩ እንዲህ አይጻፍ።

በመጨረሻም ቀላሉን ያረጋግጡ፦ አሃዱ ምንድን ነው? በጋሊክ አሲድ የተሰላ ቁጥር በካቴቺን ወይም በፌሩሊክ ከተሰላ ጋር አይነጻጸርም። በደረቅ ክብደት ነው ወይስ እንዳለ? 12 በመቶ እርጥበት ያለው ዱቄት 200 ሚሊግራም ከሰጠ በደረቅ ክብደት 227 ነው። የአንቲኦክሲዳንት አቅምን የሚለካውን የዲፒፒኤች ምርመራም ከሠሩ (በ517 ናኖሜትር፣ ወይን ጠጁ ወደ ቢጫ ሲገረጣ) የናሙናውን የራሱን ቀለም የሚቀንስ ባዶ መለኪያ ያዘጋጁ፤ ከቀይ ዳጉሳ የወጣው ፈሳሽ ራሱ ባለቀለም ነው።

ጥያቄ፦ አንድ የታሸገ ዱቄት ላይ ትልቅ የአንቲኦክሲዳንት ቁጥር ተጽፎ አየሁ። ቁጥሩ ትልቅ የሆነውን ልግዛ?

መልስ፦ በቁጥሩ አይግዙ። እንዲህ ያሉ ቁጥሮች የሚመጡት ከብልቃጥ ምርመራ ነው። የአሜሪካ ግብርና መሥሪያ ቤት ኦራክ የተባለውን የምግቦች አንቲኦክሲዳንት ሰንጠረዥ በ2012 ከድረ ገጹ ያነሳው፣ ቁጥሮቹ በሰውነት ውስጥ የሚሆነውን ስለማያሳዩና ለማስታወቂያ ስለዋሉ ነው። ይልቅ «ሙሉ ፍሬ» የሚል መጻፉን፣ የተፈጨበትን ቀንና የዱቄቱን ቀለም ይመልከቱ።

ጥያቄ፦ የዳጉሳ ገንፎ በብረት ድስት ስሠራ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ግራጫ ሆነብኝ። ተበላሽቶ ነው?

መልስ፦ አልተበላሸም። ከድስቱ የለቀቀው ብረት ከቅርፊቱ ታኒን ጋር ተያይዞ ነው የጠቆረው፤ የድሮ የጽሕፈት ቀለምም በዚሁ መንገድ ይሠራ ነበር። መርዝ የለውም፤ ሆኖም «ከድስቱ ብረት አገኘሁ» ብለው አይቁጠሩት፤ በታኒን የተያዘ ብረት በቀላሉ አይመጠጥም። ድስት መቀየር ይበቃል።

የቀለሙን ጠባይ በዓይን ማየት ከፈለጉ በሦስት ብርጭቆ ውስጥ ግማሽ ግማሽ ማንኪያ የቀይ ዳጉሳ ዱቄት በሙቅ ውኃ ይበጥብጡ። አንዱን እንዲሁ ይተዉ፣ በአንዱ ጥቂት የሎሚ ጠብታ፣ በሌላው የማንኪያ ጫፍ ቤኪንግ ሶዳ ይጨምሩ። የሎሚው ፈካ ይላል፤ የሶዳው በደቂቃዎች ውስጥ እየጠቆረ ይሄዳል። አልካሊ ውስጥ ፌኖሊኮች ከአየር ኦክስጅን ጋር ቶሎ ተዋህደው ይለወጣሉ፤ ያዩት ጥቁረት እየጠፉ መሆናቸው ነው። በቂጣና በኬክ ሊጥ ውስጥ ሶዳ ስናበዛም የሚሆነው ይኸው ነው። በአንጻሩ በእርሾ ከ24 እስከ 48 ሰዓት የቦካ ሊጥ ፒኤቹ ከ4.5 በታች ይወርዳል፤ ቀለሙም ፌኖሊኮቹም የተሻለ ይጠበቃሉ፣ ፋይቴቱም ይቀንሳል።

ጥያቄ፦ የቡልቱግ ዱቄት በሳምንት ውስጥ መራራ ይሆናል፤ ውኃ ሲነካውም የአይጥ ዓይነት ሽታ ያወጣል። ዳጉሳ እንዲህ አያደርግም። ለምን?

መልስ፦ ሁለት ምክንያት አለው። ቡልቱግ 5 በመቶ ያህል ስብ አለው፤ ዳጉሳ ከ2 በመቶ በታች ነው። ሲፈጭ ስቡና ስብ ፈቺው ኢንዛይም ይገናኛሉ፤ ምሬቱ ከዚያ ይመጣል። ሽታው ግን ከፌኖሊኮቹ ጋር የተያያዘ ነው፤ ቡልቱግ ሲ-ግላይኮሲል ፍላቮን የሚባሉ ውህዶች አሉት፤ ዱቄቱ ሲርስም ሽታው ከእነሱ ይነሳል። ግራጫ ቀለሙም የእነሱ ነው፤ በእርጎ ወይም በሌላ ኮምጣጣ ነገር ቢያቦኩት ይነጣል።

በሳምንት የሚያልቅ ብቻ ያስፈጩ። ብዙ ማስፈጨት ካለብዎ እህሉን በወንፊት አድርገው በሚፈላ ውኃ ውስጥ ለ10 ሰከንድ ያህል ይንከሩትና በደንብ አድርቀው ያስፈጩት፤ ኢንዛይሙ ይሞታል። ሳይደርቅ ከተፈጨ ግን ሻጋታን ይጋብዛል። እነዚሁ ፍላቮኖች የታይሮይድ ዕጢን ሥራ ሊያውኩ ይችላሉ። አዮዲን በሚያንስበት አካባቢ በየቀኑ በዋናነት ቡልቱግ የሚበላ ሰው አዮዲን ያለው ጨው መጠቀም አለበት፤ ማቡካት ብቻውን ይህን ችግር ያስወግዳል ብለው አይመኑ።

ጥያቄ፦ የስኳር ሕመም አለብኝ። የዳጉሳ ፌኖሊኮች ስኳርን ይቀንሳሉ ሲባል ሰምቼ መድኃኒቴን ላቆም አስቤ ነበር።

መልስ፦ እባክዎ አያቁሙ። የቅርፊቱ ውህዶች ስታርችን የሚፈቱ ኢንዛይሞችን በብልቃጥ ውስጥ ሲያቀዘቅዙ ታይቷል፤ ሙሉው ዳጉሳም ከነጭ ሩዝና ከነጭ ዱቄት ይልቅ የደም ስኳርን በዝግታ የሚያነሳበት ጊዜ አለ። ይህ ግን ምግብ እንጂ መድኃኒት አያደርገውም፤ ከመቶ ሰባው ስታርች ነው። ሻካራ ተደርጎ የተፈጨው በጥሩ ከላመው ይሻላል። ከላይ ለሕፃን የመከርነው የብቅል ዱቄት ደግሞ ለእርስዎ አይሆንም፤ ስታርቹ አስቀድሞ ስለተፈታ ስኳርን ቶሎ ያነሳል። ዳጉሳ ሲጀምሩ መጠኑን ለክተው ይብሉ፣ ከበሉ ከ2 ሰዓት በኋላ ስኳርዎን ይለኩና ቁጥሩን ይዘው ሐኪምዎን ያነጋግሩ።